መኪናዬን ነዳጅ የሚያስበላት ኢታኖሉ ነው?

ጥያቄ፦ «ነዳጅ የምቀዳበት ማደያ 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ከጀመረ ወዲህ መኪናዬ ነዳጅ መብላት አብዝታለች። በፊት በአንድ ሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር። አሁን ከ10 አታልፍም። ጉልበቷም የቀነሰ ይመስለኛል። መኪናዋ ኢንጀክተር ናት፤ ብዙም አላረጀችም። መካኒኬ ኢታኖሉ ነው ይላል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ቤንዚኑን በውሃ አጥቦ ኢታኖሉን ማውጣት ይቻላል አለኝ። እውነት ጥፋተኛው ኢታኖሉ ነው? ሞተሬንስ ይጎዳዋል? ንጹሕ ቤንዚን በውድ ብገዛ ያዋጣኛል?»

መልስ፦ ኢታኖሉ፣ ማለትም ቤንዚኑ ላይ የሚጨመረው አልኮል፣ ድርሻ አለው። ግን ያጡትን ሁለት ኪሎ ሜትር በሙሉ የወሰደው እሱ አይደለም። 10 በመቶ ኢታኖል ከ12 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቀንሰው 400 ሜትር ገደማ ነው። የቀረውን 1,600 ሜትር የበላው ሌላ ነገር ነው። እሱ ካልተገኘ ደግሞ ንጹሕ ቤንዚን ቢገዙም ኪሎ ሜትሩ አይመለስልዎትም።

ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሁት ላሳይዎት። ነዳጅ የምንገዛው በሊትር ነው። መኪናዋን የሚያስኬዳት ግን በሊትሩ ውስጥ ያለው ኃይል ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ወደ 32 ሜጋጁል ኃይል ይይዛል። አንድ ሊትር ኢታኖል ግን ከ21 ብዙም አይበልጥም። ሲሶ ያህል ይጎድለዋል ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከኢታኖል ክብደት ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ራሱ ነዳጅ አይደለም። ቦታና ሚዛን ይይዛል እንጂ በራሱ ሙቀት አይሰጥም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 10 በመቶ ኢታኖል ባለበት ነዳጅ፣ በተለምዶ ኢ10 በሚባለው፣ ሲሶ የሚጎድለው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። የአንድ አሥረኛ ሲሶ ደግሞ ከ3 በመቶ ትንሽ በለጥ ይላል። በትክክል ሲሰላ 3.4 በመቶ አካባቢ ነው። በኢ5 ግማሹ ነው፤ 1.7 በመቶ ገደማ። በኢ15 ወደ 5 በመቶ፣ በኢ20 ደግሞ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። ኢ85 የሚባለው ነዳጅ፣ ስሙ እንደሚለው 85 በመቶ ኢታኖል ቢኖረው፣ ጉድለቱ ከሩብ በላይ ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ብቻ የሚሠሩ አይደሉም። መኪኖች በላቦራቶሪ ሲፈተኑም የሚታየው ውጤት ከዚሁ ብዙም አይርቅም። ለኢ10 በአብዛኛው የሚጠቀሰው ቁጥር 3 በመቶ ገደማ ነው።

የእርስዎን መኪና በዚህ መለኪያ እንያት። ከ12 ወደ 10 መውረድ ወደ 17 በመቶ የሚጠጋ ጉድለት ነው። ይሄን ሁሉ ኢታኖል ብቻ እንዲያመጣው ከተፈለገ፣ የሚቀዱት ነዳጅ ግማሽ በግማሽ ኢታኖል መሆን አለበት። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያለ ምልክት አያልፍም ነበር። ለተራ ቤንዚን የተሠራ ሞተር በዚያ ነዳጅ ጠዋት አልነሳም ይላል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራትም ብዙውን ጊዜ ይበራል። እርስዎ ስለነዚህ ምንም አላነሡም።

ስለ ጉልበቷ ያነሡት ነገር ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነው። ኢንጀክተር መኪና ውስጥ ኮምፒውተሩ ከጭስ ማውጫው በኩል በኦክስጅን ሴንሰር እየተከታተለ የነዳጁን መጠን ያስተካክላል። ንጹሕ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ኢታኖል 9 ኪሎ ይበቃዋል። ኢ10 በመሀል ሆኖ ወደ 14.1 ይጠጋል። ስለዚህ ኢ10 ሲገባ ሴንሰሩ «አየሩ በዝቷል» ይላል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁን የሚረጨውን ኢንጀክተር ትንሽ ረዘም አድርጎ ይከፍተዋል። ተጨማሪው ነዳጅ 4 በመቶ ቢሆን ነው። ነገሩ በሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል። እርስዎም አይሰማዎትም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ላይ አለ። የሞተርን ጉልበት የሚወስነው በሊትር ነዳጅ ውስጥ ያለው ኃይል ሳይሆን ሞተሩ የሚስበው አየር ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር መጠኑ የታወቀ ነው፤ ነዳጁ የሚለካው ለእሱ ነው። በአንድ ኪሎ አየር ልክ የተመጠነ ቤንዚን ሲቃጠል የሚገኘው ኃይልና፣ በዚያው አየር ልክ የተመጠነ ኢታኖል ሲቃጠል የሚገኘው ኃይል እኩል ሊባል ይችላል። ሁለቱም ወደ 3 ሜጋጁል ነው። ስለዚህ ኢታኖል የሚያበዛው የነዳጁን ፍጆታ እንጂ፣ ጤነኛ ሞተር ላይ ጉልበት አይቀንስም። ዳገት ላይ «ደከመች» የሚያሰኝ ነገር ካለ፣ የችግሩ ምንጭ ነዳጁ ውስጥ ካለው 10 በመቶ ኢታኖል ውጭ ነው። ይሄን እርግጠኛ ሆኜ ነው የምልዎት።

ይሁንና ሌላውን ጥፋተኛ ከመፈለግዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። 12 እና 10 የሚሉትን ቁጥሮች እንዴት ለኩዋቸው? ይሄን የምጠይቀው ልኬቱ ራሱ ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ነው። ነዳጅ ሞልተው፣ ነድተው፣ እንደገና ሞልተው ካካፈሉ ዘዴው ትክክል ነው። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አያስተማምንም። የነዳጅ መቅጃው በራሱ «ቀጭ» ብሎ የሚቆምበት ቦታ ከመቅጃ መቅጃ ይለያያል። መኪናዋ የቆመችበት መሬት ትንሽ ዘንበል ካለም ይለያያል። በአንድ ሙሌት ላይ የአንድ ሊትር ተኩል ልዩነት መምጣቱ የተለመደ ነው። 35 ሊትር ለሚቀዳ ሰው ይሄ ብቻውን ከ4 በመቶ በላይ ነው። የኢታኖሉ ጉድለት 3.4 በመቶ ነው ብለናል። ስለዚህ በአንድ ታንክ ልኬት የኢታኖልን ድርሻ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። የልኬቱ ስሕተት ከሚፈለገው ነገር ይበልጣል።

በትክክል መለካት ከፈለጉ እንዲህ ያድርጉ። አንድ ማደያ ይምረጡ፤ ከተቻለም ሁልጊዜ ከአንዱ መቅጃ ይቅዱ። መጀመሪያ «ቀጭ» ሲል ያቁሙ፤ አይጨምሩበት። ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን ይጻፉ። በአንድ ዓይነት ነዳጅ ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ይሙሉ። ከዚያ የየሙሌቱን ውጤት ሳይሆን፣ ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩን ለጠቅላላ ሊትሩ ያካፍሉ። እንዲህ ሲደረግ የአንዱ ሙሌት ስሕተት በሌላው ይጣፋል። ነዳጅ ሲቀይሩ ደግሞ የመጀመሪያውን ሙሌት ከቁጥር አያስገቡት። ታንኩ ውስጥ የቀረው አሮጌ ነዳጅ ከአዲሱ ጋር ስለሚቀላቀል ውጤቱ የማንኛቸውም አይሆንም። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የፍጆታ ቁጥር ዛሬን ከትናንት ለማወዳደር ይጠቅማል። እንደ ትክክለኛ ሚዛን ግን አይውሰዱት።

ነዳጁ የተቀየረበትን ጊዜም ያስቡ። በዚያው ሰሞን ሌላ የተቀየረ ነገር አለ? ብርድ ገብቷል? ሙቀት ጨምሮ ኤሲ መክፈት ጀምረዋል? የሥራ ቦታ ቀይረው አጭር አጭር መንገድ መንዳት አብዝተዋል? ሰው ትልቁን ለውጥ ያስታውሳል፤ ማደያው ላይ የተለጠፈው አዲስ ጽሑፍ ዓይን ውስጥ ይገባል። ቀስ እያሉ የመጡት ለውጦች ግን አይታዩም። ኃይለኛ ሙቀት ላይ በአጭር መንገድ ኤሲ ብቻውን ከኢታኖሉ ብዙ እጥፍ ነዳጅ ሊበላ ይችላል። ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ ጉዞም እንደዚያው ነው። ቤንዚን እየረገጡ፣ ፍሬን እየያዙ መንዳት በተጨናነቀ መንገድ ላይ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ብክነት ያመጣል።

እነዚህ ሁሉ ከሌሉ መኪናዋን እንመርምር። እኔ ብሆን የምጀምረው ከጎማ ነው። ንፋስ የቀነሰ ጎማ መኪናዋን ይጎትታታል፤ ጉልበት የቀነሰችም ያስመስላታል። ቀጥሎ ፍሬን። ለ15 ደቂቃ ያህል ፍሬን ብዙም ሳይዙ ይንዱና ቆመው እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ ያድርጉ። አይንኩት፤ ሊያቃጥል ይችላል። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ያ ፍሬን ይዞ እየቀረ ነው። መኪናዋ ቀን ከሌት በፍሬን ትሄዳለች ማለት ነው። ጉልበት ማጣትንና ነዳጅ መብላትን አንድ ላይ የሚያመጣ ነገር ስለሆነ በእርስዎ ጉዳይ ላይ በጣም እጠረጥረዋለሁ። ለደኅንነትዎም ሲባል መጀመሪያ የሚታይ ነገር ነው።

ከዚያ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታት ይዩ። ክፍት ሆኖ ከቀረ ሞተሩ እንደሚገባው አይሞቅም። ኮምፒውተሩም «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ማብዛቱን ይቀጥላል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከድሮው ቦታው ዝቅ ብሎ ከቆየ ይሄ ሊሆን ይችላል። የኦክስጅን ሴንሰሩም ያረጃል። ሲያረጅ መልሱ ይዘገያል፤ ነዳጁም ይበዛል። የሞተር መብራት ሳይበራ እንኳን ይሄ ሊከሰት ይችላል። ካንዴላውን ማየትም አይከፋም። ብዙ መካኒክ መጀመሪያ የሚቀይረው የአየር ፊልትሮውን ነው። ፊልትሮው የቆሸሸ ከሆነ መቀየሩ ተገቢ ነው። ግን ኢንጀክተር መኪና ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ በዋናነት የሚጎዳው መኪናዋ ፍጥነት የምትጨምርበትን አቅም ነው እንጂ ፍጆታውን ብዙም አይቀይረውም። ፍጆታው ላይ ጎልቶ የሚታየው ነዳጅና አየርን ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅሉት በቆዩት የካርቡሬተር መኪኖች ነው። ጎማ ቀይረው ከሆነም መጠኑን ያረጋግጡ። ዙሪያው ከድሮው የሚበልጥ ጎማ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አሳንሶ ያስቆጥረዋል። መኪናዋ ሳትበላ የበላች ትመስላለች።

መካኒክዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። መኪናዋን በኮምፒውተር ሲመረምሩ ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር ያንብቡልዎት። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ላይ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳይ ነው። በኢ10 ምክንያት 3 ወይም 4 በመቶ ከፍ ቢል ያለ ነገር ነው። 12 ወይም 15 በመቶ ካሳየ ግን ሌላ ችግር አለ፤ የሆነ ቦታ አየር ይሾልካል፣ ወይም የነዳጅ ግፊቱ ቀንሷል፣ ወይም የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ተበላሽቷል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በብዙ ከወረደም ኮምፒውተሩ ሳያዘው ነዳጅ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው። «ኢታኖሉ ነው» የሚለውን ክርክር በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ይሄ ቁጥር ነው።

ጓደኛዎ ወዳለው ልሂድ። ቤንዚን ላይ ውሃ ጨምሮ ማናወጥ ኢታኖሉን እንደሚያወጣው እውነት ነው። ኢታኖል ከቤንዚን ይልቅ ውሃን ይወዳል፤ አብሮት ወደ ታች ይወርዳል። እባክዎ ግን እንዳያደርጉት። ኢታኖል የኦክቴን መጠኑ፣ ማለትም ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ፣ ከፍተኛ ነው፤ በተለመደው መለኪያ ከ100 ያልፋል። ነዳጅ አቀላቃዮች ይሄን ስለሚያውቁ፣ ኢታኖል የሚጨመርበትን ቤንዚን ሲያዘጋጁ ብዙ ጊዜ ኦክቴኑን ሆን ብለው ዝቅ ያደርጉታል። ለምሳሌ በአሜሪካ 84 ኦክቴን ያለው ቤንዚን ኢታኖል ሲጨመርበት 87 ሆኖ ይሸጣል። ኢታኖሉን አጥበው ሲያወጡት እጅዎ ላይ የሚቀረው «ንጹሕ ቤንዚን» ሳይሆን ለብቻው ሊሸጥ ያልታሰበ፣ ኦክቴኑ የወረደ ነዳጅ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለጊዜው እየፈነዳ የማንኳኳት ድምፅ ያመጣል። ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ወደኋላ ይገፋል። ያኔ ጉልበትም ነዳጅም ያጣሉ። ሦስቱን በመቶ ለማዳን ብለው ከዚያ የበለጠ ይከፍላሉ። ቤት ውስጥ ቤንዚን ማናወጥ ከእሳት ጋር መጫወት መሆኑም አይረሳ።

ኦክቴንን ካነሣን አይቀር ኢታኖልን ከመውቀስ ባሻገር መልካም ጎኑንም መናገር አለብኝ። ኢታኖል ሲተን ብዙ ሙቀት ይወስዳል፤ በኪሎ ሲሰላ ከቤንዚን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዘዋል። ይሄና ከፍተኛው ኦክቴን ተደምረው፣ ኮምፕሬሽናቸው ከፍ ያለ (አየሩን አብዝተው የሚጨምቁ) እና አየር ገፍቶ የሚያስገባ ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች እሳቱን ቀደም አድርገው እንዲሰጡ ያስችሏቸዋል። ሞተሩ ያንን ነዳጅ ታስቦ ከተሠራ፣ የጎደለውን ኃይል ከፊሉን መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ኢታኖል እንደ ነዳጅ መጥፎ አይደለም። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ መኪኖቻችን ይሄን ጥቅም እንዲያወጡ ሆነው አለመሠራታቸው ነው። ማደያው የሚሸጠው ኢ10 ኦክቴኑ ከድሮው ቤንዚን ጋር እኩል ከሆነ ደግሞ ትርፉ ለአቀላቃዩ እንጂ ለነጂው አይደርስም።

ያዋጣኛል ወይ ላሉት፣ የሊትሩን ዋጋ ሳይሆን የኪሎ ሜትሩን ዋጋ ያወዳድሩ። ንጹሑ ቤንዚን ከኢ10 የሚበልጠው 3 በመቶ ተኩል ገደማ ብቻ ከሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው። ከዚያ በላይ ከተወደደ በገንዘብ ረገድ ኢ10 ያዋጣል። ኢታኖልን ለረጅም ጊዜ በተጠቀመችው በብራዚል ነጂዎች የሚያውቋት አንድ ቀላል ስሌት አለች። ሁለቱንም ነዳጅ የሚቀበሉ መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እዚያ ገበያ ላይ አሉ። ንጹሕ ኢታኖል የሚቀዱት ዋጋው ከቤንዚኑ ዋጋ 70 በመቶ በታች ሲሆን ነው። ከ70 በላይ ከሆነ ወደ ቤንዚኑ ይዞራሉ። ስሌቷ የመጣችው ከላይ ካየነው ሲሶ ጉድለት ነው። የብራዚሉ ቤንዚን ራሱ ኢታኖል ስላለበት ነው ሲሶው ወደ 30 በመቶ ዝቅ ያለው።

ስለ ጉዳት። ለእርስዎ ዓይነት መኪና ኢ10 አያሰጋም። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. ከ2001 ሞዴል ጀምሮ ለተሠሩ ተራ መኪኖች ኢ15 ሳይቀር ፈቅዷል። ቢሆንም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የመኪናዎ መመሪያ መጽሐፍ ነው። ብዙዎቹ እስከ 10 በመቶ ይፈቅዳሉ። ነዳጁ በተቀየረ ሰሞን አንድ ጊዜ ሊያጋጥም የሚችል ነገር አለ። ኢታኖል ታንኩና ቱቦው ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ ያላቅቀዋል፤ ያም የነዳጅ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። የተደፈነ ፊልትሮ ዳገት ላይ ጉልበት ያሳጣል። እርስዎ ጉልበት ቀነሰ ያሉት በዚህ ምክንያት ከሆነ፣ መካኒክዎ በተዘዋዋሪ ልክ ናቸው ማለት ነው። መፍትሔው ግን ፊልትሮ መቀየር ነው፤ ነዳጅ መቀየር አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለቆዩ የካርቡሬተር መኪኖች፣ ለሞተር ብስክሌቶችና ለጄኔሬተሮች ነው። ካርቡሬተር እንደ ኮምፒውተር ራሱን አያስተካክልም። ነዳጁ ሲሳሳ አየሩ ይበዛና ሞተሩ ይንተፋተፋል። ኢታኖልን እንዲቋቋሙ ሆነው ያልተሠሩ የጎማ ቱቦዎችና ጋስኬቶችም ያብጣሉ ወይም ይሰነጠቃሉ። ለወራት የሚቆም ሞተር ካለዎት ደግሞ ውሃን ይፍሩ። ኢ10 የሚሸከመው ውሃ ከግማሽ በመቶ አይበልጥም፤ በ40 ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ውሃውና ኢታኖሉ ተያይዘው ወደ ታንኩ ሥር ይወርዳሉ። ፓምፑ የሚስበውም ከሥር ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው በደንብ የማይቃጠል ፈሳሽ ይሆናል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ሞተር ላይ ነዳጁን ጨርሰው ያቁሙት፣ ወይም ታንኩን ሞልተው ክዳኑን በደንብ ይዝጉት።

በእርስዎ መኪና ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ከዚያ ፊውል ትሪም። ቁጥሩን ካገኙት ይላኩልኝ፤ ከዚያ ተነሥተን እንቀጥላለን።